የአዲስ አበባ የቤት ደላላ፦ 2 በመቶው ለየትኛው ሥራ ነው?

ከግለሰብ እጅ ቤት ሊገዛ የተነሳ ሰው አዲስ አበባ ላይ ከደላላ አያመልጥም። ቴሌግራም ላይ «ከባለቤቱ በቀጥታ» ብሎ የለጠፈው ሰው እንኳ ሲደወልለት ብዙ ጊዜ ደላላ ሆኖ ይገኛል። አገልግሎቱ በአጭሩ ሲመዘን እንዲህ ነው፦ ቤት ፈልጎ በማግኘት ጎበዝ፣ ዋጋ በማስማማት መካከለኛ፣ ሰነድ በማጣራት ደካማ። ገዢን እንቅልፍ የሚነሳው ሦስተኛው ነው። ኮሚሽኑ ግን ሦስቱም እንደተሠሩ ሆኖ ይጠየቃል።

የተለመደው ክፍያ ከሽያጩ ዋጋ 2 በመቶ ከገዢ፣ 2 በመቶ ደግሞ ከሻጭ ነው። 6 ሚሊዮን ብር በሚሸጥ ኮንዶሚኒየም ላይ የገዢው ድርሻ 120,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። ድርድር አለው፤ ዋጋው ከፍ ባለ ቁጥር በቁርጥ ገንዘብ መስማማት ይሻላል። ጣጣው ያለው ሰንሰለቱ ላይ ነው። ሻጩን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ ገዢውን ያመጣው ሌላ፣ መሃል ላይ ስልክ ያቀባበሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ይኖራሉ፤ ውል በሚፈረምበት ቀን ሁሉም በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ቤት ማየት ሳይጀመር ከአንድ ደላላ ጋር ብቻ፣ መጠኑንና የሚከፈልበትን ጊዜ ጽፎ መፈራረም ያስፈልጋል። «በዚህ ቤት ሽያጭ ኮሚሽን ለሚጠይቅ ለማንኛውም ሌላ ደላላ የሚከፍለው እሱ ነው» የሚል መስመርም ይግባበት። ግማሹ ውሉ ሲጸድቅ፣ ግማሹ ስም ሲዛወር ቢባል ለገዢ ጥሩ ነው። አብዛኛው ደላላ ይህን አይወድም። ወረቀቱ ንጹህ መሆኑን የሚያውቅ ግን ሁለተኛውን ግማሽ ለመጠበቅ ብዙ አይከራከርም።

ፍለጋው ላይ ምስጋና ይገባዋል። የሰሚቱ ደላላ የትኛው ብሎክ ውሃ እንደሚያጣ፣ የጀሞው ደግሞ የትኛው ባለቤት ውጭ ሊሄድ ስለሆነ ቸኩሎ እንደሚሸጥ ያውቃል። ዋጋ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይደፈርሳል። ሻጩ 5 ሚሊዮን ተኩል ያለውን 6 ሚሊዮን ብሎ ማቅረብና ልዩነቱን ለራሱ ማስቀረት በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። ምልክቱም አለው፦ ሻጭና ገዢ እስከ መጨረሻው ሰዓት እንዳይገናኙ ሰበብ ይደረደራል፤ «ባለቤቱ አይመቸውም»፣ «ወንድሙ ነው የሚያሳየው» ይባላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለአንድ ሳይት፣ ለአንድ ዓይነት ቤት ለማይተዋወቁ ሁለት ደላላዎች በገዢነት፣ ለሌሎች ሁለት ደግሞ በሻጭነት መደወል። «3ኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ አለኝ፣ ስንት ያወጣል?» ሲባል የሚሰማው ቁጥር ለገዢ ከሚነገረው ዝቅ ይላል፤ እውነተኛው ዋጋ በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ ነው። ሻጩ በአካል ሲገኝ ደግሞ ደላላው በተቀመጠበት «በእጅዎ የሚገባው ስንት ነው? የስም ማዛወሪያውንስ ማን ነው የሚከፍለው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ቀብድ ላይ ነው። «ከሰዓት ሌላ ገዢ ይመጣል» የሚለው ስልክ ገዢውን ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫውን) ሳያይ ያስከፍለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይህ ለሁለቱም እኩል የሚሠራ ይመስላል። ሻጩ ገንዘቡን አጥፍቶ ሲገኝ ግን እጥፍ ማስከፈል የፍርድ ቤት ምልልስ ነው፤ ስለዚህ ቀብዱ ቢጠፋ ቤተሰብ የማያናጋ መጠን ይሁን። ወረቀቱ ላይ የሻጩ ስም በካርታው ላይ እንዳለ፣ የቤቱ ቁጥር፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ ዋናው ውል የሚፈረምበት የመጨረሻ ቀንና ግብር የሚከፍለው ወገን ይጻፋል። ከሁሉ በላይ ግን «እግድ፣ እዳ ወይም የሦስተኛ ወገን መብት ከተገኘበት ቀብዱ በሙሉ ይመለሳል» የሚለው እንዳይቀር። ሁለት ምስክር ይፈርም። ገንዘቡ በባንክ፣ በሻጩ ሒሳብ ይግባ፤ በደላላ እጅ አይለፍ።

የመንደር ውል ደግሞ ቤት አያስተላልፍም። ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል መመዝገብ እንዳለበት ይደነግጋል። ዛሬ ይህ ሥራ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ነው። «እኛ ጋ ተፈራርመን በኋላ እናጸድቀዋለን» የሚል ደላላ ከተገኘ ቦርሳን ዘግቶ መሄድ ይሻላል።

ወደ ሰነዱ እንምጣ። ካርታ ሲቀርብ ፎቶ ኮፒውን አይቶ መርካት የለም። መጀመሪያ የሚታየው የባለይዞታው ስም እስከ አያት ነው፤ ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆን አለበት። ቀጥሎ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር። በግቢው ዙሪያ ያለው አጥርና በካርታው ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ 160 ካሬ ተብሎ የሚሸጠው ግቢ ካርታው ላይ 140 ሆኖ ይገኛል። የቀረው 20 ካሬ ሻጩ የማይሸጠው የመንግሥት መሬት ነው፤ ዋጋ ሊከፈልበት አይገባም። ልዩነቱን ለማወቅ ቀያሽ ይዞ የማዕዘኖቹን ነጥብ ካርታው ላይ ከሰፈረው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ የቀያሹ ክፍያ ከ20 ካሬው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ከዚያ የይዞታው ዓይነት፦ ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ)? አገልግሎቱስ መኖሪያ ነው ወይስ ቅይጥ? የኮንዶሚኒየም ካርታ ከሆነ የብሎክ ቁጥሩ፣ ፎቁና የቤት ቁጥሩ በር ላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳከር። ሲያሳዩ አንድ ቤት፣ ሲፈራረሙ ሌላ ቤት የሆነበት ጊዜ አለ።

እግድና እዳ የሚጣራው ይዞታው በተመዘገበበት የክፍለ ከተማ መሬት ጽሕፈት ቤት ነው፤ አካባቢው በካዳስተር (በዘመናዊው የይዞታ መዝገብ) ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ በመሬት ይዞታ ምዝገባና መረጃ ኤጀንሲ በኩል። ባለቤቱ ራሱ ወይም ወኪሉ ካልጠየቀ መረጃው ስለማይሰጥ ሻጩን ይዞ መሄድ ግድ ነው። «ባለፈው ወር አጣርቻለሁ» የሚል ደላላ ያመጣው ወረቀት ዋጋ የለውም፤ የፍርድ ቤት እግድ በአንድ ቀን ይገባል። እዚያው ቢሮ ከተደረሰ አይቀር ቦታው በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ውስጥ አለመግባቱን መጠየቅ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከ2016 ወዲህ ፒያሳንና ካዛንቺስን እንዴት እንደቀየረ ያየ ሰው ይህን ጥያቄ አይዘልም።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (213/1992) የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ያልተስማማው ወገን ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል። አላገባሁም ካለም ያላገባ ማስረጃ ያቀርባል፤ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ከሆነች ደግሞ የወራሽነት ወይም የንብረት ክፍፍል ውሳኔው ይታያል። የውርስ ቤት ከሆነ የወራሾቹ ስም ዝርዝር በፍርድ ቤት ውሳኔው ላይ ስንት ነው? አራት ከተባለ አራቱም ይፈርማሉ። «አንዱ አሜሪካ ነው፣ ችግር የለም» የሚባለው ወንድም ዋሽንግተን ሆኖ ውክልናውን እስኪልክ ድረስ ችግር አለ።

ውክልና ራሱን የቻለ ጉድጓድ ነው። አጠቃላይ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያስችልም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን መሰጠት አለበት፤ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የሚለው በግልጽ ተጽፎ መታየት አለበት። ውክልናው አለመሻሩ ባጸደቀው ቢሮ ይጠየቃል። ወካዩ ከሞተ ሥልጣኑም አብሮ ያበቃል። ከዚህ የተነሳ ነው በመንግሥት ዕጣ የተገኘና የ5 ዓመት የሽያጭ ክልከላው ያላለቀ ኮንዶሚኒየም በብድር ውልና በውክልና ሲሸጥ መራቅ የሚያስፈልገው። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን «ተበድሬያለሁ» ብሎ ይፈርማል፣ ገዢ ቁልፍ ይቀበላል፣ ሁለት ዓመት ይኖርበታል፤ ከዚያ ሻጩ ይሞትና ልጆቹ ውርስ አሳውጀው ይመጣሉ። የገዢው እጅ ላይ የሚቀረው የብድር ወረቀት ነው፤ እሱም በያኔው ዋጋ። ደላላው ይህን ዓይነቱን ቤት «ርካሽ ነው» ብሎ ያቀርበዋል። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ግን አይነገርም።

ነባር ይዞታ ላይ ደግሞ ደላላ ፈጽሞ የማያነሳው ወጪ አለ። የሊዝ አዋጅ 721/2004 እንደሚለው በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ሻጩ ለዓመታት ትንሽ የቦታ ኪራይ ሲከፍል የኖረበት ግቢ ለገዢው በየዓመቱ የሚከፈል የሊዝ ግዴታ ይዞ ይመጣል። የዚህን ስሌት ከክፍለ ከተማው ጠይቆ ሳያውቁ ዋጋ መቁረጥ በጨለማ መደራደር ነው። ቦታው ሊዝ ከሆነ ደግሞ የቀረውን ዘመንና ያልተከፈለ ዓመታዊ ክፍያ መኖሩን ማየት፤ ለመኖሪያ የሚሰጠው እስከ 99 ዓመት ነው።

ቤቱን በዓይን ማየቱ ደላላው የሚያቻኩለው ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት፣ መብራት ባለበት፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ይወስዳል። ሳይናገሩ በሌላ ቀን ተመልሶ ጥበቃውንና የጎረቤቱን ሠራተኛ መጠየቅ ከእሱ ማብራሪያ ይበልጣል፦ ውሃ በፈረቃ ስንት ቀን ይመጣል? 4ኛ ፎቅ ይደርሳል ወይስ ሮቶ ሞልቶ በፓምፕ ነው? ምድር ቤት ከሆነ የፍሳሽ ማንሆሉ በክረምት ይመለሳል? መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየት ነው። ቢጫ ክብ ካለ የላይኛው ጎረቤት ሽንት ቤት ያፈሳል፤ ጥገናው ደግሞ የሚሠራው በጎረቤቱ ቤት ውስጥ ስለሆነ ማለቂያ የለውም። አዲስ ቀለም የተቀባው አንድ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠየቅ። ዋልካ አፈር ባለበት በቦሌና በአቃቂ በኩል ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ይፈለግ። ጥፍር የማይገባበት የቀለም ስንጥቅ ያስደነግጣል እንጂ አይጎዳም። ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። አንዳንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን (ከብሎኬት ቀለል ያለ ፓነል) ስለሆነ ቁም ሳጥን ሊሰቀልበት የታሰበውን ግድግዳ ማንኳኳት ነው። የመብራት ቆጣሪው ለብቻ ነው ወይስ ከጎረቤት ጋር የጋራ?

ውሉ የሚፈረምበት ቀን ሻጭ ከነትዳር ጓደኛው፣ ገዢ፣ ዋናው ካርታ፣ መታወቂያ (ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ ፋይዳ አሁን ይጠየቃል)፣ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃና ከእግድ ነፃ መሆኑን የሚያሳየው መረጃ አንድ ላይ ይገኛሉ። አንዱ ቢጎድል ቀኑ ይባክናል። ክፍያው በሻጩ ስም በተሠራ ሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ይሁን፤ ፊርማው ካለቀ በኋላ እዚያው ይሰጣል። ከገንዘቡ ትንሽ ቁራጭ የመብራት፣ የውሃና የጣሪያና ግድግዳ ግብር ክሊራንስ እስኪመጣ መያዝ ሊስማሙበት የሚገባ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ደላላው የሚያመጣው ክፉ ምክር አለ፦ «ግብር እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርጉ»። የስም ማዛወሪያው በተለምዶ 4 በመቶ አሹራ (ለከተማው የሚከፈለው የስም ማዛወሪያ ክፍያ) እና 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ነው። ከተማው ግን ስሌቱን የሚሠራው በራሱ ግምት ስለሆነ የተደበቀው ዋጋ ብዙ አያተርፍም። ነገ ውሉ ቢፈርስ ግን ፍርድ ቤት ፊት የሚቆመው ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ 6 ሚሊዮን ከፍሎ 2 ሚሊዮን የጻፈ ሰው አራቱን የሚያስረዳበት ነገር የለውም። ከሽያጩ ጥቅም ላይ የሚጣለው ግብር በሕጉ የሻጩ ነው። «ለእኔ የተጣራ» የሚል ሻጭ ይህንንም ወደ ገዢ ስለሚገፋ ዋጋ ሲቆረጥ አብሮ ይደመር።

የጸደቀውን ውል ይዞ ወደ ክፍለ ከተማ መሄዱ ለነገ አይባልም፤ ስሙ እስኪዛወር ድረስ በሻጩ እዳ ቤቱ ሊታገድ ይችላል። አዲሱ ካርታ ሲወጣ መስኮቱ ላይ እንደቆሙ የስሙ አጻጻፍ ከፋይዳው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። «ኃይሉ» አንዱ ላይ «ሀይሉ» ከሆነ፣ ሌላ ጊዜ ባንክ ለብድር ሲጠይቅ ወይም ቤቱ ሲሸጥ «አንድ ሰው መሆናቸው ይረጋገጥ» ተብሎ ፋይሉ ይመለሳል።