አስረጂ ድርሰት ስትጽፉ ቢጋር ይቅደም ወይስ ረቂቅ?

የፍሬሽማን ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ኮርስ ላይ «ጽሑፉን አንብባችሁ ድርሰት ጻፉ» ሲባሉ አንዳንዱ ቢጋር (የድርሰቱን ዋና ዋና ነጥቦች ዝርዝር) ያወጣል፣ ሌላው በቀጥታ መጻፍ ይጀምራል። ርዕሱ «እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ለምን ተስፋፋ?» ነው እንበል።

ጊዜ፦ ቢጋር መነሻው ላይ ያዘገያል። ረቂቅ ቶሎ ይጀመራል፣ እርማቱ ግን ይረዝማል።

ንባብ፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ቢጋር ጽሑፉን ደግማችሁ እንድታነቡ ያስገድዳል። ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና የከተማ ፍሳሽ ምክንያት ናቸው፤ የዓሣ አጥማጁ መቸገር ውጤት ነው። ለየብቻ ስታሰፍሯቸው አይደበላለቁም። አረሙ በዘርም ከእናት ተክሉ በሚወጣ ተቀጥላም መራባቱስ? ይህ የስርጭቱን ፍጥነት ስለሚያስረዳ የራሱን አንቀጽ ይፈልጋል። በረቂቅ የጀመረ ተማሪ ይህን ብዙ ጊዜ ሳያስተውል ያልፈዋል።

ስጋት፦ ቢጋር ላይ የሙጥኝ ያለ ሰው መሀል ላይ የመጣለትን የተሻለ ሐሳብ ይጥላል። በረቂቅ ሲጀመር ደግሞ ዋናው ሐሳብ መጨረሻው አንቀጽ ላይ ተወሽቆ ይገኛል። ያንን ዓረፍተ ነገር አውጥታችሁ መግቢያው ላይ አስቀምጡት፤ ድርሰቱ ወዲያው መልክ ይይዛል።

ፈተና ላይ ከሆናችሁ አጭር ቢጋር፣ ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃል (የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የያዘ ዓረፍተ ነገር) ብቻ፣ ይበቃል። የቤት ሥራ ከሆነና ሐሳቡ ገና ካልጠራላችሁ ረቂቁን አስቀድሙ፣ ከዚያ ከረቂቁ ላይ ቢጋር አውጡ። እንግሊዝኛው እጃችሁን ከያዘው የመጀመሪያውን ረቂቅ በአማርኛ ብትጽፉት እኔ እደግፋለሁ።