ለቀላል ጂግ ገንዘቡ ለሪሉ ነው ወይስ ለዘንጉ?

በጂግ፣ ማለትም ወደ ውሃ ጥለው ከፍ ዝቅ በሚያደርጉት የብረት ማባበያ፣ ዓሣ ማጥመድ የሚጀምር ወዳጅ ሁሉ «ባለ ስንት ኩሽኔታ ሪል ልግዛ?» ይለኛል፤ ሪል ማለት ዘንጉ ላይ የሚታሰረው ክር መጠቅለያ ነው። የኩሽኔታ ብዛት የካርቶን ማሳመሪያ ነው። ዋናው ጥያቄ ያለችው ገንዘብ ለዘንግና ለሪል እንዴት ትከፈል የሚለው ነው። እኔ ከሦስት እጅ ሁለቱን ለሪሉ እሰጣለሁ፤ ዘንጉ በተረፈው ይገዛ።

የማወራው ከባሕር ጠረፍ ብዙ ሳይርቁ፣ ከ40 ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት፣ ከ10 እስከ 60 ግራም ጂግ ስለሚጥሉ ሰዎች ነው። ለዚህ ሥራ መካከለኛው የካርቦን ዘንግና ሦስት እጥፍ የሚያወጣው የሚለያዩት በጥቂት ግራም ክብደትና በእጅ ስሜት ነው። ዓሣውን ሁለቱም ያወጡታል። ርካሽ ሪል ግን ጨው ከቀመሰ በኋላ ቀኑ የተቆጠረ ነው።

ዘንግ ላይ የማልደራደረው በቀለበቶቹ ነው። የተገመደ ክር እንደ መጋዝ ነው፤ ርካሽ ቀለበት ውስጥ ቦይ ይቆፍራል፣ ቦዩ ደግሞ ዞሮ ክሩን ይበላዋል። የታወቀው ቀለበት አምራች የፉጂ ስም የተጻፈባቸው ፎርጅድ ቀለበቶች ስላሉ በጽሑፉ ብቻ አትመኑ። ትንሽ ጥጥ በየቀለበቱ ውስጥ አዙሩ፣ በተለይ ጫፍ ላይ ባለችው። ጥጡ ከተያዘ ዘንጉን መልሱት።

ስፒኒንግ (ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠል፣ ሲወረውሩ ከበሮው የማይሽከረከር ሪል) ወይስ ቤይትካስተር (ከዘንጉ በላይ የሚቀመጥ፣ ሲወረውሩ ከበሮው የሚሽከረከር ሪል)? ቤይትካስተር ከጀልባ ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ለመልቀቅ ጥሩ ነው፤ አውራ ጣት ክሩ ላይ ስለምትሆን ጂጉ ሲወርድ ዓሣው መንካቱ ይታወቃል። 12 ግራም ጂግ ከነፋስ ጋር ስትወረውሩበት ግን ከበሮው ክሩን ቀድሞ ይሽከረከርና ቀኑ ትብትብ ሲፈቱ ያልፋል። በርካሽ ዋጋ ደግሞ ጨርሶ አትንኩት። ስፒኒንግ፣ የመጠን ቁጥሩ ከ3000 እስከ 4000፣ አለቀ።

ሌላው ገንዘብ የሚበላ ነገር «12 ኪሎ ፍሬን» የሚለው ጽሑፍ ነው፤ ፍሬን ዓሣው ሲጎትት ክሩ እየተያዘ እንዲወጣ የሚያደርገው የሪሉ ክፍል ነው። ክራችሁ በ9 ኪሎ የሚበጠስ ከሆነ ፍሬኑን የምታጠብቁት እስከ ሩቡ፣ ቢበዛ እስከ ሲሶው ነው፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ማለት ነው። ለቀረው መክፈል ምን ይባላል? ይልቅ የፍሬኑ ሮንዴላዎች ካርቦን መሆናቸውን ጠይቁ።

አንድ ወዳጄ ዘንግና ሪል አንድ ላይ የሚሸጥበትን ርካሽ ጥቅል ገዝቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እጀታው ወደ ኋላ መዞር ጀመረና አመጣልኝ። ስፈታው ቀድሞ የነካካው ሰው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያዞረውን ክላች በግራሶ ሞልቶታል። ትንንሾቹ ሲሊንደሮች ግራሶው ውስጥ እየተንሸራተቱ አይነክሱም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ሳደርግበት ያዘ። የማርሹ ጥርሶች ግን ተበልተዋል። መለዋወጫ እንዳናዝዝ ሳጥኑ ላይ የአምራቹ ስም እንኳ የለም። ስለዚህ ጥቅሉን በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም እለፉት፤ ሁለተኛ ስትገዙ ከደህናው ሪል በላይ ታወጣላችሁ።

ሺማኖ፣ ዳይዋና ፔን የሪሎቻቸውን ክፍሎች በሥዕልና በቁጥር ያወጣሉ፤ ለእኔ ዋናው ዋጋቸው እሱ ነው። ጨው ቶሎ የሚይዛት ክሩ የሚያልፍባት ትንሿ ሮለር ናት። መዞር ስታቆም ክሩ አንድ ቦታ ላይ እየተፋተገ ይሻክራል። አንድ ብሎን ፈትቶ የማይዝግ ኩሽኔታ መቀየር ከሪሉ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። በቤቱ የሚጠግን ሰው ግን ማግሲልድ የተባሉትን የዳይዋ ሪሎች ይተው፤ ውሃ የሚከለክለው በማግኔታዊ ዘይት ስለሆነ እንደ ሌላው ከፍቶ የሚቀባ አይደለም። ከአዲሱ ሞዴል ይልቅ ያለፈውን ፈልጉ፤ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ይረክሳል፣ ለጂግ የሚለወጥ ነገር የለም።

ከባሕር ስትመለሱ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ሪሉን በቀስታ በሚወርድ ንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ ሲደርቅ ፍሬኑን አላሉት። በኃይለኛ ውሃ ከመታችሁት ጨውን ወደ ውስጥ ነው የምትገፉት።

ክር ላይም ገንዘብ ይተርፋል። ለዚህ ጥልቀት 150 ሜትር ይበቃል፤ 300 ሜትሩን ገዝታችሁ ለሁለት ክፈሉትና ከስሩ ርካሽ ናይሎን ሙሉበት። ጫፉ ሲሻክር ደግሞ ገልብጣችሁ ጠቅልሉት፤ ከስር የተኛው ግማሽ ገና አዲስ ነው።