በሐዋሳ፣ በሰው ሳሎን የተበላ እራት

በሐዋሳ ከታቦር ተራራ ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ቅዳሜ ማታ በገዛ ሳሎናቸው ለስምንት ሰው ብቻ እራት ያዘጋጃሉ፤ ለእያንዳንዱ ምግብ የሚስማማውን ወይን መርጦ የሚቀዳው ደግሞ ወንድ ልጃቸው ነው። ቦታ የሚያዘው ሦስት ቀን አስቀድሞ በስልክ ሲሆን፣ ለአንድ ሰው ከሚከፈለው 3,200 ብር ግማሹ በቴሌብር ይላካል። ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ አራት ብርጭቆ ወይን እንዳለበት ሲታሰብ ግን ከሆቴል ሒሳብ አይብስም።

ገና እንደተቀመጥን የቤቱ ታናሽ ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዛ እጃችንን አስታጠበችን። በመጀመሪያ የቀረበው የቆሮሶ ዱለት ነበር። አሣው በዚያው ዕለት ጠዋት በሐይቁ ዳር ካለው የአሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ የተገዛ መሆኑን ሳይነገረን በፊት ሥጋው ራሱ መስክሮ ነበር፤ ደቆ ቢከተፍም አልላሸቀም፣ ቃሪያውም አልሸፈነውም። ከእርሱ ጋር የተቀዳው ሻርዶኔ የተባለ ነጭ ወይን ከሐዋሳ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በዝዋይ የተመረተ ሲሆን፣ ብርጭቆው ላብ እስኪያወጣ ድረስ ቀዝቅዞ በመቅረቡ ሎሚ የተጨመቀበት ያህል አሣውን አነቃው።

ቀጥሎ የመጣው ቡርሳሜ ግን ወይን የሚፈልግ ምግብ አልመሰለኝም። በቅቤ የታሸው የእንሰት ቆጮ አፍን ስለሚሸፍን ከእርሱ ጋር የተቀዳው ሮዜ፣ ማለትም ፈዛዛ ቀይ ወይን፣ ውኃ ሆኖ አለፈ፤ አጠገቡ የተቀመጠው እርጎ ከማንኛውም ወይን ይልቅ ይበቃው ነበር።

የምሽቱ ዋና ነገር ዶሮ ወጡ ነው። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ለረጅም ሰዓት ቁሌት ላይ በመቆየቱ ሟሙቶ ከበርበሬው ጋር አንድ ሆኗል፤ እንቁላሉን ስቆርሰው ወጡ እንቁላሉ በተበጣበት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እስከ አስኳሉ ዘልቆ ነበር። ልጁ ለዚህ የመረጠው መካከለኛ ጣፋጭነት ያለው አኬሺያ የተባለ ቀይ ወይን ነው። ብዙዎቻችን ጣፋጭ ወይንን የጀማሪ መጠጥ አድርገን ስለምንቆጥር በምርጫው ቅር ያላቸው እንግዶች ነበሩ፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ነገሩ ግን ወጡን ስንቀምስ ተገለጠልን፤ አልኮልና ታኒን፣ ማለትም ከወይን ፍሬ ቆዳና ዘር የሚወጣው ድድ የሚያደርቅ ነገር፣ የበርበሬን ማቃጠል ሲያብሱት ስኳሩ ያበርደዋል። ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር ተስማምቶ የኖረው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ልጁ ይህን በማስረዳት ላይ ሳለ እናቱ፣ «ልጄ፣ ወሬው ይደርሳል፤ ወጡ ሳይቀዘቅዝ ይብሉበት» ብለው አቋረጡትና በአጠገባቸው ለተቀመጡት አዛውንት ጉርሻ አቀረቡ።

ከጥብሱ ጋር በቀረበው ካቤርኔ ሶቪኞ በተባለው ቀይ ወይን ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ቀይ ወይን በቤት ሙቀት ይጠጣል የሚለው አባባል ለብርዳም አገር ቤት የተነገረ እንጂ ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ለዋለ የሐዋሳ ሳሎን አይደለም። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን የሚጣፍጠው ወይን ለብ ብሎ ሲቀዳ አልኮሉ ብቻ አፍንጫ ይመታል፤ በጥብሱ ላይ የነበረው ሚጥሚጣም አባባሰው። «እትዬ፣ ይህን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ቢያስቀምጡልን?» ብዬ ስጠይቅ ምንም ሳይከፋቸው ጠርሙሱን አስነሡት፤ ቡናው ተቆልቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ድረስ ቆይቶ ሲመለስ፣ ያው ወይን ቀደም ሲል ያልነበረው የፍሬ ጣዕም ወጥቶለት ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ጥብሱ አልቋል።

መኪና ይዞ መሄድን አልመክርም፤ አራት ብርጭቆ ጠጥቶ መንዳት አይገባም፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያ ሰፈር ባጃጅ ስለማይገኝ ወደ ቤት የሚመልስ ሰው አስቀድሞ መቅጠር ያስፈልጋል።