ነርቫ፦ ለአንጀት ሕመም የተሠራ የሂፕኖሲስ መተግበሪያ ከሐዋሳ ሲታይ

ምርመራው ሁሉ «ምንም የለም» ይላል፤ ሆድ ግን ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ አንድ ሰሞን ይደርቃል፣ ሌላ ሰሞን ያስቀምጣል። ሐኪሞች አይ ቢ ኤስ የሚሉት ይህ ሕመም በእኛ ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነርቫ የተባለው የአውስትራሊያ መተግበሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ በየቀኑ 15 ደቂቃ ያህል የሚደመጥ የሂፕኖሲስ ድምፅ፣ የአተነፋፈስ ልምምድና አጫጭር ንባቦች አሉት።

ድግምት እንዳይሆን ለሚፈሩ፦ አድማጩ ራሱን አይስትም፣ በር ሲንኳኳ ይሰማል፣ ባሻው ጊዜ ዓይኑን ገልጦ ይነሣል። በዚህ ሕክምና መጀመሪያ ሐሳብ በትንፋሽ ላይ ይሰበሰባል፤ ቀጥሎ ቁጥር ወደ ታች እየተቆጠረ ሰውነት ይፍታታል። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እጅ ሆድ ላይ ያርፍና ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ይታሰባል፤ ወይም አንጀት እንደ ወንዝ ይታያል፣ ለሚያስቀምጠው ሰው ዝግ ብሎ፣ ለሚደርቅበት ደግሞ ፈጠን ብሎ የሚፈስ። የአይ ቢ ኤስ ሕመምተኛ አንጀት ቁስል የለበትም፤ በአንጀትና በአእምሮ መካከል ያለው የነርቭ መሥመር ግን ከመጠን በላይ ንቁ ስለሆነ ሌላው ሰው ልብ የማይለው ጋዝ ለእሱ ሕመም ይሆንበታል። ሂፕኖሲሱ የሚሞክረው ይህን ንቃት ማብረድ ነው።

መሠረቱ ጠንካራ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. የማንቸስተሩ ሐኪም ፒተር ዎርዌልና ባልደረቦቹ የሂፕኖሲስን ሕክምና (ሂፕኖቴራፒን) መድኃኒት እምቢ ባላቸው 30 የአይ ቢ ኤስ ሕመምተኞች ላይ ሞክረው ውጤቱን ላንሴት መጽሔት ላይ አወጡ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም መድኃኒት ለ12 ወር ላልረዳው ሰው ሂፕኖቴራፒን ከአማራጮቹ አንዱ አድርጎታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውስትራሊያ ሜልበርን ያለው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 74 ሰዎችን በሦስት ከፍለው ሂፕኖቴራፒን፣ ፎድማፕ (አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸውና ጋዝ የሚፈጥሩ የምግብ ስኳሮች) የሚቀንስ አመጋገብንና ሁለቱን በአንድ ላይ አወዳደሩ። በሦስቱም ቡድን ከአሥር ሰው ሰባቱ ያህል ተሻለው። ሆኖም ያ ሂፕኖቴራፒ በአካል፣ በባለሙያ ፊት የተሰጠ ነበር እንጂ ከስልክ የተደመጠ አይደለም። የጥናቱ መሪ ሲሞን ፒተርስ የነርቫን ፕሮግራም በማዘጋጀትም ተሳትፋለች፤ ማስታወቂያውን ሲያነቡ ይህን ልብ ማለት ነው።

ለሐዋሳ ሰው ግን ከዚህ ጥናት የሚወጣው ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ፎድማፕ መቀነስ ማለት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ሽምብራና አተር መተው ማለት ነው። ከወጥ ቤታችን ምን ቀረ? በጾም ወራት ሽሮና ምስር የተከለከለ ሰው ጎመንና ድንች ይዞ ይቀመጣል፤ ጎመኑም ያለ ሽንኩርት። ማዕድ ሳይነካ ተመጣጣኝ ውጤት ሊሰጥ የሚችል ሕክምና እዚህ ከሜልበርን ይልቅ ዋጋ አለው።

የነርቫ ድክመት ለእኛ ቋንቋው ነው። የእንግሊዝኛውን ድምፅ «ምን አለ?» እያሉ በልብ የሚተረጉሙ ከሆነ ሐሳብ ስለማያርፍ ሂፕኖሲስ የለም። የእንግሊዝኛ ፊልም ያለ ጽሑፍ የሚከታተል ሰው ይጠቀምበታል፤ ለሌላው በአማርኛ ወይም በሲዳምኛ የሚሠራ ባለሙያ ይሻላል። ባለሙያውን ስለ ሂፕኖሲስ ከመጠየቅ በፊት መሠረታዊ ሙያው ሳይካትሪ ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂ መሆኑን ይጠይቁ። «በአንድ ቀን እፈውሳለሁ»፣ «የተረሳ ትዝታ አወጣለሁ» የሚል ካጋጠመ ይውጡ፤ በሂፕኖሲስ የሚወጣ «ትዝታ» ሐሰት ሊሆን ይችላል። ሲጋራን በማስተው ረገድም ከሌሎች ዘዴዎች እንደሚበልጥ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በአጠቃቀሙ ነው። ማታ አልጋ ላይ ተጋድሞ መስማት እንቅልፍ ይጋብዛል፤ ጭንቅላትን የሚደግፍ ወንበር ላይ ይቀመጡ። ከምሳ በኋላ ወዲያው አይሁን። የባጃጅ ጡሩምባ ሳይጀምር፣ ከንጋቱ 11 ተኩል ገደማ ጥሩ ሰዓት ነው። በማዳመጫ ይስሙ፣ የስልኩን መልእክትና ጥሪ ድምፅ ያጥፉ፣ መኪና ወይም ሞተር እየነዱ ፈጽሞ አይክፈቱት። «ሂፕኖሲስ ውስጥ ገባሁ ወይስ አልገባሁም?» እያሉ ራስን መፈተሽ ትኩረትን ያፈርሳል። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ ባለማየት ማቋረጥም የተለመደ ነው፤ ሙሉው ስድስት ሳምንት ሲደመር አሥር ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሆነ መጨረስ ይሻላል።

ከመጀመር በፊት ግን ሐኪም ይቅደም። በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ፣ ወይም የትም ጥሬ ሥጋ ከበሉ በኋላ የጀመረ የሆድ ሕመም መጀመሪያ የሰገራ ምርመራ ይፈልጋል፤ ጃርዲያና አሜባ በሂፕኖሲስ አይሄዱም። በሰገራ ደም ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ የደም ማነስ ከታየ፣ ተቅማጥ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ከሆነ መተግበሪያውን ትቶ ወደ ሆስፒታል ነው። ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይሞክረው።

ክፍያው በደንበኝነት ነው፤ የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋት ደንበኝነቱን አያቋርጥም፤ በፕሌይ ስቶር ከተከፈለ እዚያው ገብተው «ሰብስክሪፕሽን» ከሚለው ሥር ይሰርዙ፣ የሚታደስበት ቀን ከመድረሱ በፊት።