የሆስፒታል ሶፍትዌር ልትገዙ ነው? ሦስቱን አማራጮች ጎን ለጎን እንያቸው

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የግል ሆስፒታል ወይም ከፍ ያለ ክሊኒክ የምታስተዳድሩ ከሆነ ሦስት ዓይነት አማራጭ ይቀርብላችኋል። አንደኛው እንደ ባህምኒ ያለ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ሶፍትዌር ነው። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ ኩባንያ የሚገዛ ያለቀለት ፓኬጅ ነው። ሦስተኛው እዚሁ ያሉ ፕሮግራመሮችን ይዞ ማሠራት ነው።

ዴሞ ላይ፣ ማለትም ሻጩ ሲያሳያችሁ፣ ሦስቱም ያምራሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው የምትፈልጉትን በወረቀት ጽፋችሁ ስትፈትኗቸው ነው። ስለዚህ ከዋጋ በፊት ወረቀቱ ይቅደም።

ወረቀቱ ላይ ምን ይጻፍ?

"ታካሚ ይመዘግባል" ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፤ ሁሉም ይመዘግባል። ካርድ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን አስቡ። አንዲት እናት ትመጣለች። ካርዷ ጠፍቷል፤ ስሟ ፋጡማ ሰይድ ነው። ያኔ የመዘገባት ሰው ግን "ሰኢድ" ወይም "ሰዒድ" ብሎ ጽፎ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ወሎ ውስጥ ፋጡማ ሰይድ አንድ ሰው አይደለችም። ፍለጋው ካላገኛት አዲስ ካርድ ይወጣላታል። የፔኒሲሊን አለርጂዋ አሮጌው ካርድ ላይ ይቀራል። ይሄ ሰው የሚገድል ስህተት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ ስሙ በሀ፣ በሐ ወይም በኀ፣ በሰ ወይም በሠ፣ በአ ወይም በዐ ቢጻፍ ፍለጋው ሁሉንም ያምጣ። እንደ ሰይድና ሰኢድ ያሉ ተቀራራቢ ስሞችንም ያሳይ። የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ስልክ አብረው ይታዩ። ሻጩ ባለበት የካርድ ክፍል ሠራተኛችሁ ራሷ ትሞክረው።

ሰዓትም እንደዚሁ ነው። ማሽኑ 8:00 ሲል ለእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ነርሷ መድኃኒቱን በቀን 8 ሰዓት ከሰጠችው ስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ ከምዝገባ እስከ ወርሃዊ ሪፖርት ድረስ መሥራት አለበት።

አሁን ወደ ንጽጽሩ

ባህምኒ መጀመሪያ የተሠራው ሕንድ ውስጥ ለአንድ የገጠር ሆስፒታል ነው። ስለዚህ አቅም ባነሰበት ቦታ መሥራት ያውቅበታል። የታካሚ መዝገቡ ኦፕንኤምአርኤስ፣ ላብራቶሪው ኦፕንኤሊስ፣ ሒሳቡና ስቶኩ ኦዱ ነው። የላይሰንስ ክፍያ የለውም። ሰርቨሩ (ዳታው የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር)፣ ማስተካከያውና ሥልጠናው ግን ገንዘብ ይፈልጋል። ከሁሉም በላይ ሰው ይፈልጋል። የተለያዩ ሶፍትዌሮች ተጣምረው ስለሚሠሩ፣ ሐኪሙ ያዘዘው ምርመራ ካሸር ጋ ሳይደርስ ሲቀር የቱ ጋ እንደተቋረጠ የሚያውቅ የአይቲ ባለሙያ ግቢው ውስጥ መኖር አለበት።

ያለቀለት ፓኬጅ ቶሎ ሥራ ይጀምራል። ካሸርና ፋርማሲ ላይ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከፋብሪካዎች ጋር የዱቤ ሕክምና ውል ካላችሁ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ባለሙያው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ መቀመጡ ነው። ሌላው ዳታው ነው። ውላችሁ ቢቋረጥ የታካሚዎቻችሁ ታሪክ በምን መልክ ይመለስላችኋል? መልሱ ውሉ ላይ ከሌለ አትፈርሙ።

ማሠራቱን ብዙም አልመክርም። ጎበዝ ልጆች አሉን፤ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ አጠገባችን ነው። ነገር ግን አንድ ሁለት ልጅ የጻፈው ሶፍትዌር ልጆቹ ሌላ ሥራ ሲያገኙ ባለቤት ያጣል። ለወረፋ ማስጠሪያ ወይም ለቀጠሮ ማስታወሻ ይሁን። ለሙሉ ሆስፒታል ግን ከባድ ነው።

ሰርቨሩ የት ይቀመጥ?

መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ሙሉ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ሶፍትዌር አይመረጥም። ሰርቨሩ ግቢው ውስጥ ይሁን፤ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ (ዩፒኤስ) ይኑረው፤ ከጄኔሬተሩም ጋር ይገናኝ። ግን በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ላይ ሆስፒታል ጭምር መዘረፉን አንርሳ። ባክአፑም (የዳታው መጠባበቂያ ቅጂ) እዚያው ክፍል ከነበረ አብሮ ይሄዳል። በየቀኑ አንድ የተመሰጠረ ቅጂ ከከተማው ውጭ ይላክ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለ፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚከፍተው ውሉ ላይ ይስፈር።

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ቋሚ የአይቲ ባለሙያ መቅጠር ከቻላችሁ ባህምኒን ውሰዱ። ካልቻላችሁ ያለቀለት ፓኬጅ ግዙ፤ ግን ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና ዳታውን የሚመልስ ይሁን። የመጨረሻውን ክፍያ ግን ያዙት። ሻጩ ባክአፑን ባዶ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ጭኖ የአንድ ታካሚ ሙሉ ታሪክ ሲያሳያችሁ ትከፍሉታላችሁ።