ከዎርድፕረስ ጋር ያቆየኝ የፍለጋ ሳጥኑ ነው

ያገለገሉ መጻሕፍት የምንሸጥበትን ድረ ገጽ ወደ ዎርድፕረስ፣ ድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ወደሆነው ነጻ ሶፍትዌር፣ ካዛወርን ዓመት ሊሞላ ነው። ዋጋ ማስገባት፣ ፎቶ መለጠፍ፣ የተሸጠውን ማንሳት፣ ሁሉም በሚገባ ይሠራል። የምጽፈው ግን ስለ አንድ ነገር ነው፤ ደንበኛ የመጽሐፉን ርእስ በየትኛውም ፊደል ቢጽፈው መጽሐፉን ያገኛል። ይህን ከዚህ በፊት የትም አላገኘሁትም።

«ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን እንውሰድ። በ«ሥ» ወይም በ«ስ» ይጻፋል፤ በ«ጽ» ወይም በ«ፅ» ይጻፋል፤ በ«ሑ»፣ በ«ሁ» ወይም በ«ኁ» ይጻፋል። ሲባዛ 12 ዓይነት አጻጻፍ ነው፤ ሲነበብ ግን አንድ ድምፅ ነው። ሰው በየትኛውም ቢያየው ይገባዋል። ኮምፒውተር አይገባውም። ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት የሚጠቀሙበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የእኛን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ ይህም ትክክል ነው፤ «ሠ» እና «ሰ» ሁለት ፊደላት ናቸውና። የመጻሕፍቱ መረጃ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ግን የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ፣ ለእርሱ «ሠ» ከ«ሰ» የሚለየው «በ» ከ«ተ» የሚለየውን ያህል ነው።

ይህ ለመጽሐፍ ሻጭ ትንሽ ነገር አይደለም። የቆዩ መጻሕፍት ሽፋናቸው ላይ ፊደሉን ጠብቀው ታትመዋል፤ እኛም እንደ ሽፋኑ እናስገባለን። ደንበኛው ደግሞ በስልኩ ላይ ጣቱ የቀደመውን ይጽፋል። «ስነ ጽሁፍ» ብሎ ይፈልጋል፤ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል! ደንበኛው ግን የለም ብሎ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ደውሎ የሚጠይቀው ከብዙ አንዱ ነው።

ቀድሞ የምንጠቀምበት መሣሪያ በየወሩ በዶላር የሚከራይ፣ ክፍሎቹን በመዳፊት እየጎተቱ ገጽ የሚሠሩበት ነበር። ገጹ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ስለ ፍለጋው ለድጋፍ ክፍላቸው ስንጽፍ ግን በትሕትና አመስግነውን ሐሳባችንን ለሚመለከተው ክፍል እንደሚያስተላልፉ ነገሩን፤ ከዚያ በኋላ የሰማነው የለም። እኛው እናስተካክለው ብንል የፍለጋውን ኮድ ማየት አይቻልም። ስንለቅም የሰጡን የመጻሕፍቱን ዝርዝር በሰንጠረዥ ብቻ ነው፤ የጻፍናቸው ገጾች እዚያው ቀሩ።

ዎርድፕረስም ቢሆን እንደተጫነ ያው ነው፤ የሆሄያቱን ዝምድና አያውቅም። ልዩነቱ መከፈቱ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰራጨው ማንም ሰው ኮዱን እንዲያነብ፣ እንዲቀይርና የቀየረውን ለሌላ እንዲሰጥ በሚፈቅድ ፈቃድ ነው። የሰፈራችን አንድ ወጣት ፕሮግራመር ችግሩን ነገርነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕረስ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ጽፎ ጨረሰ። አሠራሩን አጠገቡ ሆኜ አይቻለሁ። መጽሐፍ ሲመዘገብ ርእሱ እንደ ሽፋኑ ለአንባቢ ይታያል፤ ከጀርባ ግን ሌላ ቅጂ ይቀመጣል። በዚያ ቅጂ ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ ሁሉም «ሀ» ይሆናሉ፤ አ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓ «አ» ይሆናሉ፤ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ ከነቤተሰቡ ይመለሳል። ደንበኛው የጻፈው ቃልም ከመፈለጉ በፊት በዚያው መንገድ ያልፋል። «ዓለም»፣ «ዐለም»፣ «አለም» ቢል አንድ ቦታ ይደርሳል። ፕለጊኑ ራሱን ችሎ ስለተቀመጠ ዎርድፕረስ ሲዘመን አይነካም።

የኪራዩ ሻጭ ይህን ቢሰማ የሚለኝን አውቀዋለሁ። «ከእኛ ጋር ብትሆን ስለ ሰርቨር፣ ስለ ምትኬ፣ ስለ ደኅንነት አታስብም ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አሁን አስባለሁ። ዎርድፕረስ ላይ የሚገኙት የደኅንነት ክፍተቶች አብዛኞቹ በፕለጊኖች በኩል የሚመጡ ስለሆኑ ጥቂት ብቻ እንይዛለን፤ የምንይዘውንም ቶሎ ቶሎ እናዘምናለን፤ ምትኬውን ከሰርቨሩ ውጭ እናስቀምጣለን። ይህ ሥራ ነው፤ ግን የማውቀው ሥራ ነው። እርሱ ደግሞ ለሚከተለው ይመልስልኝ። ብር በገበያ እንዲወሰን በተደረገበት በሐምሌ 2016 አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የወር ኪራዩ በዶላር ሳይጨምር በብር እጥፍ ለመሆን ተቃረበ። ለዚያ ሁሉ ገንዘብ የደንበኞቼን ቋንቋ በትክክል የማይፈልግ ሳጥን ነበረኝ።

«ነጻ የሆነ ነገር ዋጋ የለውም» የሚለውንም ሰምቻለሁ። የሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበት ሰርቨር፣ እና የድረ ገጹ ስም ኪራይ እከፍላለሁ፤ ለልጁም ለድካሙ ከፍያለሁ። ነገር ግን ገንዘቡ የሄደው ለሚሠራ ነገር ነው፤ የተሠራውም የእኔ ነው፤ ነገ ሰርቨር ብቀይር ዳታቤዙንና ፋይሎቹን ይዤ እሄዳለሁ።

አንድ የሚያናድደኝ አለ፤ የገጾቹ አድራሻ። ርእስ በአማርኛ ሲጻፍ ዎርድፕረስ ከርእሱ አድራሻ ይሠራል፤ አንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል፤ የቦታው ወሰን ደግሞ 200 ምልክት ነው። ስለዚህ ከ22 ፊደል ገደማ በኋላ ርእሱ ይቆረጣል፤ ቴሌግራም ላይ ስንልከውም በመቶኛ ምልክት የተሞላ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል። አድራሻውን በእጅ በላቲን ፊደል አሳጥረን እንጽፋለን። አማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ መቅረት ነበረበት።

መሣሪያ ለመምረጥ የምታስቡ፣ ሻጩ ስለ ገጹ ውበት ከማውራቱ በፊት የሙከራ ገጹ ላይ «ሥነ ጽሑፍ» የሚል አስገቡና በ«ስነ ጽሁፍ» ፈልጉ። ካላገኘው፣ ኮዱን ከፍታችሁ ማስተካከል ትችሉ እንደሆነ ጠይቁት።

ለእኛ ገና ያልተፈታው ክፍት ቦታው ነው። «ቤተ መጻሕፍት» ተለያይቶ የተመዘገበውን «ቤተመጻሕፍት» ብሎ የገጠመ አያገኘውም። ልጁ መፍትሔ አለው ብሏል፤ ከፋሲካ በፊት እናስጨርሰዋለን።