ለምድጃ ሠሪያችን ምስጋና፣ ማብሰያ ቤት ላላችሁ ትምህርት ቤቶችም ጥቆማ

ይህን የምንጽፈው የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምገባ ኮሚቴ አባላት ነን፤ መጋቢ እናቶቻችንም አብረውን አሉ። የማብሰያ ቤቱን ምድጃዎች አፍርሰው እንደ አዲስ የሠሩልንን ግንበኛ በአደባባይ እናመሰግናለን። እጅዎ ይባረክ።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለተማሪዎች ቁርስና ምሳ ይቀርባል። በእንጨት በሚያበስል ግቢ ስለ ኃይል ቁጠባ ሲወራ አምፖል ከመቁጠር በፊት መታየት ያለበት ማብሰያ ቤቱ ነው።

እኚህ ባለሙያ ሲሚንቶ ከማዘዛቸው በፊት ድስቶቹን አስወጥተው ስፋታቸውንና ቁመታቸውን ለኩ። የወጥ ምድጃዎቹን የሠሩት ሮኬት በሚባለው ዓይነት ነው። እንጨቱ ከጎን ይገባል፣ ነበልባሉ ታጥፎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ድስቱም በላሜራ ቀሚስ ውስጥ ይቀመጣል። በድስቱና በላሜራው መካከል የተዉት ክፍተት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ክፍተቱ ከጠበበ እሳቱ ይታፈንና ጭሱ በአፉ ይመለሳል፤ ከሰፋ ደግሞ ሙቀቱ ድስቱን ሳይነካ ሽው ብሎ ይወጣል። ልኩን ለማረጋገጥ 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያላት ጣውላ ቁራጭ ይዘው በእያንዳንዱ ድስት ዙሪያ አዞሯት። አንዱ ጋ ስለያዘች ላሜራውን ነቅለው እንደገና አጥፈው ገጠሙት።

ምድጃ ሲባል ወፍራም ድንጋይ የሚደረድር ግንበኛ ብዙ ነው፣ ሙቀት ይይዛል በሚል። መያዙንስ ይይዛል፤ ግን ወጡን ሊያበስል የሚገባውን ሙቀት ራሱ ድንጋዩ ይጠጣዋል። ጠዋት ጥቂት ሰዓት ነድዶ ለሚጠፋ ምድጃ ይህ ኪሳራ ነው። እሳቸው ማንደጃውን በስስ ጡብ ሠርተው በጡቡና በውጭው ግንብ መካከል የተነፋ ደረቅ አመድ ሞሉበት። አመዱ እርጥበት ካለው ሙቀት ማገዱን ይተዋል፣ ሲደርቅም ጎድሎ ባዶ ቦታ ይፈጥራል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ አስጥተው ነው የሞሉት።

ለእንጀራው የተከሉት ምርጥ ምድጃን ነው፤ በሲሚንቶና በፓሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የሚጣለውን፣ ክፍል በክፍል የሚገጣጠመውን። በአግባቡ ከተያዘ ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከኋላው በሚወጣው ትኩስ ጭስ ላይ ድስት ስለሚጣድ እንጀራው እየተጋገረ የእቃ ማጠቢያ ውኃ ይሞቃል። ክፍሎቹን 7 ቀን ውኃ እያጠጡ አቆዩአቸው፤ ሳይጠነክር እሳት የነካው በመጀመሪያው ሳምንት ይሰነጠቃል። የምጣዱን ዙሪያ የደፈኑት በጭቃና በአመድ እንጂ በሲሚንቶ አይደለም። ሸክላ ሲግል ይለጠጣል፣ ሲሚንቶ ቆንጥጦ ከያዘው ይሰነጠቃል። ጭቃው ደግሞ ምጣድ ሲቀየር በቀላሉ ይነሳል።

ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በላይ ወጥቶ ቆብ ተደርጎለታል። ከታች መታጠፊያው ላይ ትንሽ መክፈቻ ስለተዉለት ጥላሸቱ በየሁለት ሳምንቱ ይጠረጋል። እንጨቱ ደረቅ ሆኖ ጭሱ በአፉ ከተመለሰ ቱቦው ተደፍኗል ማለት ነው።

ከምድጃው ባልተናነሰ የጠቀመን የማገዶ ምክራቸው ነው። ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ የክብደቱ ግማሽ ያህል ውኃ ነው፤ በኪሎ የሚገዛ ሰው ውኃ ይገዛል፣ ከዚያ ያንን ውኃ ለማትነን ሌላ እንጨት ያነዳል። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት የሚገዛው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ የዘነበበት ነው። የመስከረሙን ማገዶ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ገዝቶ፣ በእጅ አንጓ ውፍረት ፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ከቆርቆሮ ሥር መደርደር ነው። ሁለቱን ፍልጥ ቢያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደርቋል፤ ዱብ የሚለው ገና ነው። አነዳደዱንም ለእናቶቹ አሳይተዋል። እንጨቱ በምድጃው አፍ ባለው መደርደሪያ ላይ ሆኖ ጫፉ ብቻ ይነድዳል፣ አየሩ በሥሩ ይገባል። አፉን በእንጨት መጠቅጠቅ ጭስ እንጂ እሳት አይጨምርም። ድስቱ ከፈላ በኋላ ክዳኑን ገጥሞ አንድ ሁለት ፍልጥ ብቻ መተው ይበቃል፤ ሲያበቃም ፍሙ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ታፍኖ ለቡና ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እወቁ። ምድጃው የተሠራው በድስቱ ልክ ስለሆነ ነገ ሌላ ድስት ቢገዛ አይገጥምም፤ ቀሚሱ መቀየር አለበት። ዋጋቸውም ርካሽ አይደለም፣ አይቸኩሉምም። ሥራው ካለቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ማንም ሳይጠራቸው መጥተው የላላውን ጭቃ ደፍነው ሄደዋል።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ ከእሳቸው ፈቃድ አግኝተናል። ከመደወላችሁ በፊት ግን የድስቶቻችሁን ስፋትና ቁመት ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።